ያለበትን ንገሩኝ ይሉ የነበሩት ሰው

«ውጤቱ መጥቷል፤ የት እንዳለ ግን አናውቅም።»

እንዲህ ያለችኝ ቤዛ ናት፤ በደብረ ማርቆሱ ክሊኒካችን መዝገብ ቤት የተቀመጠችው አዲሷ ልጅ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና በጣቷ አንድ መስመር አሳየችኝ። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ አማርኛውንም ለቅሜ ነው የማነበው። «ይቺ የእናኑ ስም ናት፤ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው» አለችኝ። ጫነችው። አልተከፈተም። ደግማ ጫነችው።

«የለም ይላል» አለች።

«አሁን እኮ መጥቷል አልሽ!»

«መጥቶ ነበር፣ እትዬ ሙሉ። ስሟን ያሳየኛል፤ ደብዳቤውን ግን አያወጣልኝም።»

ልጄ እናኑ አጠገቤ ቆማለች። አንገቷን በነጠላ ጠቅልላዋለች፤ ከጆሮዋ ሥር የወጣውን እብጠት ሰው እንዳያይባት። በጥር መጀመሪያ ከዚያ እብጠት ናሙና ወስደው አዲስ አበባ ላኩ። ዶክተሩ ያኔ፣ «ክፉውም ሊሆን ይችላል፤ የሚድነውም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ሳላይ መድኃኒት አልጀምርም» ብሎን ነበር። ጥር አለቀ። የካቲት አለቀ። መጋቢት ተጋመሰ። ሽንብራ ታህል የነበረችው እብጠት እንቁላል አከለች፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ቀሚሷ ሰፍቷት ወገቧን በገመድ ታስር ጀመር። እስከዚያች ጠዋት ድረስ አዲስ የገባውን ብቻ እያዩ «አልመጣም» ሲሉኝ መንገዱንም ኔትወርኩንም ስረግም ነበር የከረምኩት። «መጥቶ የለም» ሲሉኝ ግን የምረግመው አጣሁ። ያልመጣ ነገር ይጠበቃል። መጥቶ የጠፋውን ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? ልጄ በዓይኔ ሥር ልትሞትብኝ እንደምትችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ምነው ጋሽ ይበልጣል በኖሩ!» አልኩ፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ዘበኛው ምናሉ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቆቡን አወለቀ።

«አልሰማሽም እንዴ፣ ሙሉ? ደብረ ወርቅ ተቀበሩ እኮ። ዛሬ ስምንት ቀናቸው ነው አሉ።»

እንግዲህ የምነግራችሁ ስለ እኒህ ሰው ነው። ስለ ደግነታቸው ብቻ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ጋሽ ይበልጣልን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ በእሳቸው አይደለም፣ በእኛ ነው።

እኔ የክሊኒኩን አንሶላ ሳጥብ አምስት ዓመቴ ነው። የማጠቢያው ክፍልና መዝገብ ቤቱ ግድግዳ ይጋራሉ። ውኃ ሲቋረጥብኝ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፤ በረኪና በረኪና ስለምሸት ሰው አጠገብ መቀመጥ አልወድም ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ይበልጣል አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው፣ «ይግቡና ይቀመጡ እንጂ፣ ወይዘሮ ሙሉ» አሉኝ። ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን ነዋ። ወንበሩ የሚቀመጡበት ነው።»

በዚያ ግቢ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ድረስ አንቺ ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። እሳቸው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ አንድም ቀን አንቺ ብለውኝ አያውቁም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ የቄስ ትምህርት ተምረዋል፤ ኋላ ያን ትተው ዕድሜያቸውን በሙሉ በየመዝገብ ቤቱ ወረቀት ሲያዘጋጁ ኖሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ክሊኒኩ የቀጠራቸው፤ ኮምፒውተርንም የለመዱት በዚያ ዕድሜያቸው ነው። ወጣቶቹ «የኔታ» ይሏቸዋል። ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ለሹፈት ነው።

በእኛ አገር ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሳምንት ይጠፋና ግማሽ ቀን ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ጋሽ ይበልጣል ከወንበራቸው ይነሣሉ። «ገባ!» ይላሉ። ከዚያ ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆም ሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ደብዳቤው ሁሉ ከኢሜይሉ ወደ ኮምፒውተሩ ወርዶ እስኪያልቅ። ነርሶቹ ይሥቃሉ። እሳቸው ግን፣ «ሰማይ ላይ ያለ እህል አይፈጭም፤ ጎተራ ይግባ» ይላሉ። ኔትወርኩ ቢጠፋም ደብዳቤው እዚሁ እጃችን ላይ ይቅር ማለታቸው ነው።

ጎተራቸውንም በየታቦቱ ስም ነበር የከፈሉት። ኔትወርክ በሚካኤል ቀን ከመጣ፣ የዚያን ቀን የወረደው ደብዳቤ ሁሉ «ሚካኤል» በሚል ፎልደር ይገባል። በኪዳነ ምሕረት ከሆነም «ኪዳነ ምሕረት»። ይኼ ነው እንግዲህ የሚያስሾፍባቸው።

የላቦራቶሪው ልጅ አንድ ጠዋት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና፣ «የኔታ፣ ዛሬ የማን ታቦት ነው የወጣው?» አላቸው።

ጋሽ ይበልጣል መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር። ቀና አላሉም። «ያንተ ደብዳቤ ገብርኤል ገብቷል። አንተም አንድ ቀን ብትገባ አይከፋም» አሉት። ልጁ እስከ ዛሬ ድረስ ገብርኤል እየተባለ ይጠራል።

ለምን እንዲህ እንደሚያስቀምጡት የገባኝ አንድ የጉንደ ወይን ገበሬ የመጣ ቀን ነው። የሚስቱን ውጤት ሊወስድ ነው የመጣው።

ጋሽ ይበልጣል «ተልኳል ያሏችሁ መቼ ነው?» ሲሉት፣ «በአቦ ማግስት» አላቸው።

ሲስተሯ አቋረጠችው። «አባቴ፣ የተጠየቅከው ቀኑን ነው።»

«እኔስ ምን ነገርኩሽ? የድመት ስም ነው እንዴ አቦ?» ብሎ ተቆጣት።

ጋሽ ይበልጣል ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ «ከአቦ ማግስት ወዲህ ኔትወርክ መጀመሪያ የመጣው በሥላሴ ነው» አሉ። «ሥላሴ» የሚለውን ከፈቱ፤ የሴትዮዋ ደብዳቤ እዚያው ነበር። ገበሬው ወረቀቱን ግንባሩ ላይ አስነካ። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው፣ «አያችሁ፣ ሰዎቻችን ቀን የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። እነሱ በማያውቁት ቋንቋ ባስቀምጠው መጥተው ምን ብለው ይጠይቁኛል?» አሉ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ እሳቸው ግን ክፍሉ በሰው የሞላ ይመስል «አያችሁ» ነበር የሚሉት።

ሰርች የሚባለውንም ያውቁታል። ስም ይጽፉና ይፈልጋሉ። ግን በተገኘው ነገር ተደስተው አያውቁም።

«ተገኘ ማለት ምንም አይደለም፣ ወይዘሮ ሙሉ» ይሉኛል። «ላሜ ጠፍታብኝ አንዱ መጥቶ 'ቁይ ገበያ አየኋት' ቢለኝ ምን ይረባኛል? እኔ እስክደርስ ገበያው ተበትኗል። አየኋት አትበሉኝ፤ ያለችበትን ንገሩኝ። ከማን በረት እንዳደረች ንገሩኝ።» ከዚያ ማውዙን ይይዙና የተገኘው ስም ላይ አድርገው የማውዙን ቀኝ ጆሮ ይጫኑታል። «ቤቱን እንዲህ ነው የሚጠይቁት» ይሉኛል። ትንሽ ሳጥን ይከፈታል፤ ደብዳቤው የተቀመጠበት ፎልደር እዚያ ተጽፎ ይታያል። አንሶላ የሚያጥብ ሰው ይኼ ምን ያደርግለታል ብለው አላሰቡም። ውኃው እስኪመጣ ድረስ የሚያውቁትን ነገሩኝ፤ በቃ።

የጥር ተክለ ሃይማኖት ዕለት የማኅበሬ ቀን ነበር። አንሶላዬን አስጥቼ ቶሎ ልሄድ ነው። ረፋድ ላይ በግቢው ያለው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፤ ኔትወርክ መጣ። በግድግዳው በኩል «ገባ!» ሲሉ ሰማሁ። ስሮጥ ሄድኩ። ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል። ደብዳቤው እየወረደ፣ እየወረደ፣ ልክ እንዳለቀ መብራት ሄደ።

«ብዙ ነው የገባው፣ ወይዘሮ ሙሉ» አሉኝ። «የእናኑም ሳይኖርበት አይቀርም። ነገ አንድ በአንድ አየዋለሁ። እርስዎ ማኅበርዎን ይዋሉ።»

ነገ አልደረሰም። በዚያው ሳምንት አንድ የኮምፒውተር አዋቂ ነው የተባለ ሰው መጥቶ የጋሽ ይበልጣልን ፎልደሮች አይቶ ሆዱን ይዞ ሥቆ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አፈረ። በተክለ ሃይማኖት ማግስት ጠዋት ጋሽ ይበልጣል ሲመጡ በግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይረፉ፣ የኔታ። እኛም ዘመናዊ እንሁን።»

«ይሁን» አሉ። «አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ። ምኑ የት እንዳለ ለምትተካኝ ልጅ ላሳያት።»

«ሰርች አለ እኮ! ስም መጻፍ ነው፤ ያወጣዋል።»

«ስሙንማ ያወጣዋል፣ ልጄ። ቤቱን ካልጠየቃችሁት ግን...»

አላስጨረሳቸውም። በሩን ዘጋው።

እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ። ውኃ የጠጣ አንሶላ ታቅፌ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ውኃው በቀሚሴ ላይ እየወረደ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ትላንት የገባው ደብዳቤ አልታየም፣ የልጄም አለበት ማለት ነበረብኝ። እንጀራዬን ፈራሁ። ከበሩ ፍርግርግ ማዶ አዩኝ፤ ኮፍያቸውን አነሡልኝ። «ደኅና ይዋሉ፣ ወይዘሮ ሙሉ» አሉኝ። ምላሹን እንኳ አልመለስኩም፤ በዚያው ወደ አገራቸው ወደ ደብረ ወርቅ ሄዱ። በሥራ አስኪያጁ ከተናደድኩት ይልቅ በዚህች አፌ የተናደድኩት ይበልጣል።

ወደዚያች የመጋቢት ጠዋት ልመለስ። ምናሉ መሞታቸውን ሲነግረኝ እንባ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ድምፃቸው ነው።

«ቤዛ» አልኳት፣ «ስሟ ላይ አድርጊና ቀኝ ጆሮውን ጫኚው።»

«የምኑን ጆሮ?»

«የያዝሽውን ነዋ! አትክፈቺው። ያለበትን ጠይቂው።»

ጫነችው። ሳጥኑ ወጣ። ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ተክለ ሃይማኖት ይላል።»

«ይኸው! በተክለ ሃይማኖት ነው የገባው! የማኅበሬ ቀን ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ። ክፈቺዋ!»

ቤዛ እጇን ከማውዙ አነሣች። «እትዬ ሙሉ፣ እሱ ፎልደር እዚህ የለም። የመዝሙር ነው ተብሎ ወጥቷል።»

«የምን?»

«የመዝሙርና የስብከት። ሥራ አስኪያጁ 'የሽማግሌው መዝሙር ኮምፒውተሩን አከበደው፤ የታቦት ስም ያለበትን ሁሉ አውጪ' አሉኝ። በዲስክ ገልብጬ ሰጠኋቸውና ከዚህ አጠፋሁት። እኔ... የታቦት ስም ሲሆን መዝሙር ነው ብዬ አንዱንም አልከፈትኩትም።»

ኮምፒውተሩ የልጄን ስም የሚያሳየን ለካ ስለሚያስታውሰው ብቻ ነው። ቤቱ ፈርሶ ስሙ እንደቀረ ሰው።

የሥራ አስኪያጁን በር ሳላንኳኳ ነው የገባሁት። በሽርጤ፣ በእርጥብ እጄ።

«አንቺ! ማን ግቢ አለሽ?»

«የልጄ ውጤት የት ነው?»

«ከሌለ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ እንደገና እናስልካለን።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እኔ ኔትወርክ ነኝ እንዴ? ታገሺ።»

«ሁለት ወር ታገስኩ! እርስዎ መዝሙር ነው ብለው ያወጡት የልጄን አንገት ነው!» ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። በሽተኞች በበሩ ተሰበሰቡ፤ ቤዛ ከኋላዬ ቆማለች። «እኒያ ሽማግሌ አንድ ሰዓት ነው የለመኑዎት። አንድ ሰዓት! ዲስኩን የት አደረሱት?»

ሰው መብዛቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዕቃው ጋር ላኩለት ብዬ ለዘበኛው ሰጥቻለሁ። የግሉ ነው ብዬ...»

ምናሉን አየሁት። ምናሉም አየኝ።

«መኪናው ቆሞ ነበር» አለ ምናሉ። «የደብረ ወርቅ መንገድ ተዘግቶ... አንቺ ክፍል ነው ያስቀመጥኩት፣ ሙሉ። ማዳበሪያው።»

አምላኬ! ማዳበሪያው! ውኃ እንዳይነካው ብዬ በገዛ እጄ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ የሰቀልኩት፣ «የሰውየውን ዕቃ እንኳ አትልኩላቸውም?» እያልኩ ዘበኛውን የምጨቃጨቅበት ማዳበሪያ! ስድስት ሳምንት ሙሉ አንሶላ ስተኩስ ከራሴ በላይ ነበር። ልጄ እዚያው ቁጭ ብላ ስታግዘኝ፣ ሞቷም ይሁን መዳኗ ከአናቷ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

አወረድኩት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ኮታቸው ወጣ። የመነጽር ማኅደራቸው። እጀታው የተሰበረ የሻይ ኩባያቸው። ዳዊታቸው። ከሥር በአንገት ልብሳቸው የተጠቀለለ አንድ ጥቁር ነገር፤ ዲስኩ ነው፤ ከመዳፍ አይበልጥም። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ይበልጣል» አልኩና ለቤዛ ሰጠኋት።

ቤዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሰካችው። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ እያለች በሹክሹክታ አነበበች። ተክለ ሃይማኖት ላይ ደረሰች። ወደ ድሮው ቦታው መለሰችው። ከዚያ የልጄን ስም እንደገና ጻፈችና ጫነችው።

ተከፈተ።

ወረቀቱን አትማ ይዘን ወደ ዶክተሩ ሮጥን። ቆሞ አነበበው። ዶክተር ሲያነብ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ እናት የምታነበው ግን እሱን ነው። እናኑ እጄን ጨብጣ ጥፍሯ ገባብኝ።

«ካንሰር አይደለም» አለ። «የእጢ ቲቢ ነው። ስድስት ወር መድኃኒት ትውጣለች፤ ካላቋረጠች ትድናለች።» ከዚያ የተጻፈበትን ቀን አየና ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ እኮ ከጥር ጀምሮ ነበር!»

«ነበር» አልኩት። «ያለበትን የሚጠይቅ ሰው ነው ያልነበረው።»

ቤዛ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በዚያ ዲስክ ውስጥ «አልመጣም» ተብለው የተመለሱ የሌሎች ሰዎች ውጤቶችም ነበሩ። ከቁይም፣ ከጉንደ ወይንም፣ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስም። አንድ በአንድ ስታወጣ፣ ስትደውል ዋለች። ስልክ ስታነሣ የምትለውን ሰማኋት፤ «ያለበትን አግኝተነዋል፤ ኑና ውሰዱ።» ሁሉም በጊዜው ደረሰለት እንደሁ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ «አዲሱ አሠራራችን ፍሬ እያፈራ ነው» አለ። የጋሽ ይበልጣልን ስም አላነሣም። እጄን አወጣሁ። «ፍሬው የእሳቸው ነው፤ የእርስዎ ድርሻ መጣሉ ነው» አልኩት። ያባርረኛል ብዬ ነበር፤ አላባረረኝም። ቢያባርረኝም አልጸጸትም ነበር። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ የከፈልኩት ይበቃኛል።

ለአርባቸው መንገዱ አልተከፈተም። ማዳበሪያውን ይዤ ደብረ ወርቅ የደረስኩት በመስከረም፣ መንፈቃቸው ካለፈ በኋላ ነው። ዕቃቸውን ለእህታቸው ሰጠሁ። ኮቱን አቅፈው አሸተቱትና፣ «በረኪና በረኪና ይላል» አሉኝ። «የኔ ነው» አልኳቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መቃብራቸው ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም። በበሩ ፍርግርግ ማዶ ኮፍያቸውን ሲያነሡልኝ ታየኝ። ያኔ ያልመለስኩትን መልስ ልመልስላቸው ፈለግሁ።

«ደኅና ይዋሉ፣ ጋሽ ይበልጣል» አልኳቸው። «እናኑ ተገኘች አልልዎትም፤ ያለችበትን ልንገርዎት። ደብረ ማርቆስ ናት። ትምህርት ቤቷ በር ላይ የምዝገባ ሰልፍ ይዛለች። መድኃኒቷን ባለፈው ሳምንት ጨርሳለች። አንገቷ ባዶ ነው፤ ነጠላ አልጠቀለለችበትም። ልጄ ድናለች። እኔም ከዚያ ፍርሃት ወጥቻለሁ።»